ግሪሊን በሽንፈቱ ብቻ አንለካው

የአሜሪካዊው ጋዜጠኛ የሆራስ ግሪሊ ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚወራው ሽንፈቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ከዩሊሰስ ግራንት ጋር ተወዳድሮ ክፉኛ ተሸነፈ። ባለቤቱ ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አረፈች። እሱም ምርጫው የተካሄደበት ወር ሳያልቅ ሞተ። ያሳዝናል። ግን ሰውየውን በዚህ ብቻ መመዘን ግፍ ነው ባይ ነኝ።

ግሪሊ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። በ15 ዓመቱ ቬርሞንት ውስጥ ማተሚያ ቤት ገብቶ ፊደል ለቀማ፣ ማለትም ለኅትመት የብረት ፊደላትን መደርደር፣ ተማረ። በ1841 ኒውዮርክ ላይ «ትሪቢዩን»ን አቋቋመ። ባርነትን አጥብቆ የሚቃወም ጋዜጣ ነበር። ካርል ማርክስ ሳይቀር ከለንደን ለዓመታት ጽፎለታል።

በ1848 መጨረሻ የተጓደለ ወንበር ለማሟላት ተመርጦ የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ ኮንግረስ፣ ገባ። የቆየው ሦስት ወር ነው። ለእኔ ግን ከፖለቲካ ሕይወቱ ትልቁ ይሄ ነው።

ያኔ የምክር ቤት አባል ከቤቱ ወደ ዋሽንግተን ለመምጫውም ለመመለሻውም በማይል 40 ሳንቲም ይከፈለው ነበር። ሕጉ «በተለመደው መንገድ» ስለሚል፣ ብዙዎቹ ዙሪያ ጥምጥሙን ቆጥረው ያስከፍላሉ። ግሪሊ አጭሩን የፖስታ መንገድ አሰላ። ከዚያ እያንዳንዱ አባል ካስከፈለው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ፣ ከነስሙ ጋዜጣው ላይ ዘረገፈው። ለራሱ ፓርቲ ሰዎችም አላዳላም። በዝርዝሩ ላይ አንድ የኢሊኖይ ተወካይ 676 ዶላር ከ80 ሳንቲም ትርፍ ወስዷል ይላል። ተወካዩ አብርሃም ሊንከን ነው።

ምክር ቤቱ ተንጫጫ። ግሪሊ ግን ጥፋቱ የሕጉ ነው፣ ይስተካከል ነው ያለው። ይሄን ነው የምወድለት። ወንበር ሲያገኝ ብዕሩን የሚያስቀምጥ ጋዜጠኛ ስንት አለ!

እልኸኝነቱ በኋላም አልለቀቀውም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ይዞ የተዋጋው የደቡቡ ወገን መሪ ጄፈርሰን ዴቪስ፣ ጦርነቱን ከተሸነፈ በኋላ ለፍርድ ሳይቀርብ ሁለት ዓመት ታሰረ። በ1867 ዋስ ሆነው ከፈረሙት አንዱ፣ ዕድሜውን ሙሉ ባርነትን ሲታገል የኖረው ግሪሊ ነበር። በዚህ ተቆጥቶ ብዙ ሺህ አንባቢ የ«ትሪቢዩን»ን ሳምንታዊ እትም ተወ። አባል የሆነበት፣ የሰሜኑ ደጋፊዎች ማኅበር የሆነው የኒውዮርኩ ዩኒየን ሊግ ክለብም ሊገመግመው ስብሰባ ጠራ። ግሪሊ ስብሰባችሁ ላይ አልገኝም ብሎ ጻፈላቸው። በዚያው ደብዳቤ አእምሮ ጠባብ ደደቦች አላቸው። ክለቡም አላባረረውም።