በ15 ድምፅ

የአሜሪካ ዜግነት የወሰዳችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ፕሬዝዳንት ሲመረጥ እስከ እኩለ ሌሊት እንጨቃጨቃለን። የኮንግረስ ምርጫ ብቻውን ሲመጣ ግን «የእኔ ድምፅ ምን ሊያመጣ?» ብለን ቤታችን ቁጭ!

እስቲ ደላዌርን እዩ። ያኔ ለተወካዮች ምክር ቤት የምትልከው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በ1801 (ዘመኑ በፈረንጆቹ ነው) ለፕሬዝዳንትነት የተወዳደሩት ቶማስ ጄፈርሰንና አሮን በር በድምፅ እኩል ሆኑና ፕሬዝዳንት የመምረጡ ጣጣ ምክር ቤቱ ላይ ወደቀ። እዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ስቴት ያለው አንድ ድምፅ ነው። የደላዌሩ ጄምስ ባያርድ ብቻውን ከመላው የቨርጂኒያ ተወካዮች እኩል ሆነ ማለት ነው። 35 ጊዜ ተቆጥሮ አልለይ አለ። በ36ኛው እሱና ጥቂት የፓርቲው ሰዎች አቋማቸውን ለቀቁ፤ ጄፈርሰን አለፈ።

በዓመቱ ይኸው ባያርድ እንደገና ተወዳደረ። ቄሳር ሮድኒ አሸነፈው። በስንት? በ15 ድምፅ! እኛ ቤት እሁድ ቡና ሊጠጣ የሚሰበሰበው ሰው ከዚያ ይበልጣል።

ከዚያ በፊትም ሌላ ጉድ ነበር። በ1792ቱ ምርጫ ጆን ፓተን አሸንፏል ተብሎ ያችኑ የደላዌር ወንበር ያዘ። ሕጉ ግን መራጩ ሁለት ስም ይጻፍ፣ ቢያንስ አንዱ ከራሱ ካውንቲ ውጭ ይሁን ይል ነበር። አንድ ስም ብቻ የጻፉ ነበሩ። ተፎካካሪው ሄንሪ ላቲመር አቤት አለ፤ እነዚያ ወረቀቶች ተጣሉ፤ በ1794 ወንበሩ ለእሱ ሆነ። በፖስታ የምትመርጡ፣ ፖስታው ላይ መፈረም እየረሳችሁ የምትልኩ፣ ሰማችሁ?

ያን ጊዜ በደላዌር የሚመርጠው 21 ዓመት የሞላው፣ ግብር የከፈለ፣ ነጻ ነጭ ወንድ ነበር። እኔና እናንተ በሩን አናልፍም። እህቶቻችንማ ጭራሽ። ዛሬ በሩ ሲከፈት «ፓርኪንግ አይገኝም» እንላለን። ኧረ እንፈር!

ደብል ሺፍት የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ድካሙ ቀልድ አይደለም። ግን ብዙ ስቴት ከምርጫው ቀን በፊት መምረጥ ይፈቅዳል። የስቴታችሁን ሕግ ዛሬውኑ እዩ፤ አድራሻ ከቀየራችሁም ምዝገባችሁን አስተካክሉ።

ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ግን እንዳትመዘገቡ፤ ወደፊት ዜግነት የማግኘት ዕድላችሁን ሊያበላሽባችሁ ይችላል። ይህ ቁጣ እናንተን አይመለከትም።