መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ላይ መሬት ተናደ። ሰዉ ጎረቤቱን ሊያወጣ ተሯሯጠ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ጭቃውን ይዝቅ ጀመር። ቁፋሮው ላይ ሳሉ መሬቱ ድጋሚ ተናደና እነሱንም ዋጣቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ ሌላውን ሊያድኑ የመጡ ነበሩ።

ያን ቀን ሳስብ ኤንሪኮ ኳራንቴሊ ይመጣብኛል። አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው አደጋን በማጥናት ነው። ገና ተማሪ ሳለ የማስተርስ ጽሑፉን ሊሠራ የተነሳው፣ ሰው አደጋ ሲመጣ በድንጋጤ እንዴት እንደሚተራመስ ለማጥናት ነበር። ቢፈልግ ቢፈልግ ምሳሌ አጣ።

እ.ኤ.አ. በ1963 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ጥናት ማዕከል አቋቋመ። ማዕከሉ በ1985 ወደ ደላዌር ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፣ አሁንም እዚያው ነው። ተመራማሪዎቹ አደጋ ደረሰ ሲባል ሻንጣቸውን ይዘው ይነሳሉ። በ1964 አላስካ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታም ሄደዋል። ኳራንቴሊ በ2017 በ92 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ የሚለው አንድ ነገር ነበር። ሰው በአደጋ ጊዜ ጥሎ አይሮጥም። ቤተሰቡን ይፈልጋል፣ ጎረቤቱን ይጎትታል። ከፍርስራሽ ሥር ብዙውን ሰው የሚያወጣው ሳይረን እያስጮኸ የሚመጣው ቡድን ሳይሆን እዚያው ያለው ሰው ነው።

ለዚህ ነው «ሕዝቡ እንዳይደናገጥ» ተብሎ መረጃ ሲያዝ የሚያናድደኝ። ኬንቾ ላይ ድፍረት አልጎደለም። ለእንደዚህ ያለ ሰው የሚያስፈልገው እውነቱ ነው፤ ተራራው ገና አልረጋም፣ በዚህ በኩል አትግቡ የሚለው፣ በጊዜ፣ በሚገባው ቋንቋ።

የሚነገርበት መንገድ ደግሞ አለን። በየሰፈሩ እድር አለ። ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ የማን እናት ከአልጋ እንደማትነሳ የእድር ሰዎች ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጥሩምባ ነፊው በአንድ ጠዋት ሰፈሩን ያዳርሳል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ እድር ቤት ተቀምጧል። እዚያው ላይ አካፋና ቃሬዛ ይጨመር። ክረምት ሳይገባ ከየእድሩ ጥቂት ወጣቶች ይሰልጥኑ፣ የሚሰነጠቅ መሬት ምን እንደሚመስል ይወቁ። ጥሩምባው ለቀብር ብቻ አይነፋ።