ቡችላውን አትጣሉት፣ ሽማግሌውን ውሻ አታንገላቱት

ባለፈው ሳምንት ማታ አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። የሦስት ወር ቡችላው ያስመልሰዋል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞታል፣ ጥግ ይዞ ተኝቷል። «ዘበኛችን ወስጄ ልጣለው እያለኝ ነው። ምን ላድርግ?» አለኝ። ከኋላው ሚስቱ «ለውሻ ብለህ ስንት ብር ልትከሰክስ ነው?» ስትል ይሰማኛል።

እኔን የጠየቀኝ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ አይደለም። ዓምና ቡቺን ስለቀበርኩ ነው።

ቡቺ ትንሽ ነጭ ውሻ ነበር፤ ሰፈሩ «የፈረንጅ ውሻ» የሚለው ዓይነት። 11 ዓመት ሲሆነው ማታ ማታ መሳል ጀመረ። ብርድ መስሎኝ ብርድ ልብስ ደረብኩለት። ሲብስበት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ዶክተሩ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። የልብ ቫልቭ ነው አለኝ። ትንንሽ ውሾች ሲያረጁ በብዛት የሚይዛቸው የልብ ሕመም ይሄ ነው። ቫልቩ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም፣ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ልብ ያብጣል፣ በመጨረሻ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። ክኒን ዕድሜ ይጨምራል እንጂ አያድንም። የሚያሸናውን ክኒን ከሰው ፋርማሲ ገዛሁ። ልብን የሚያግዘውን ግን ዞሬ ዞሬ አጣሁት፤ ከአሜሪካ በመጣ ሰው ሻንጣ ነው የደረሰኝ።

ዶክተሩ ሲተኛ ትንፋሹን ቁጠር አለኝ። ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። በደቂቃ ከ30 በታች ከሆነ ደህና ነው። ሰባት ወር 24፣ 26 እያልኩ ቆጠርኩ። አንድ ሌሊት ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ፣ የስልኬን ሰዓት ይዤ፣ 52 ቆጠርኩ። መተኛትም አቅቶታል። የፊት እግሮቹን ከፍቶ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ቁጭ ብሎ ያንጎላጃል። ጠዋት ግን የውጭ በር ሲንኳኳ ጅራቱን ቆላ። ያቺ ጅራት ናት የሸወደችኝ። «ገና ነው» አልኩ። ዶክተሩ በመርፌ እናሳርፈው ሲለኝ፣ «እግዜር ራሱ ይውሰደው» ብዬ ሦስት ሳምንት አንገላታሁት። ሰባት ወር ሙሉ በክኒን ስከራከር የኖርኩ ሰውዬ፣ መጨረሻ ላይ ነው እግዜርን ያስታወስኩት። ፍርሃት ነበር እንጂ ሌላ አይደለም።

መርፌው የፈራሁትን ያህል አልነበረም። የማደንዘዣ ዓይነት መድኃኒት በብዛት በደም ሥር ይሰጣል። መጀመሪያ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ቀጥሎ ትንፋሹና ልቡ ይቆማሉ። ደቂቃዎች ናቸው። ቤት ውስጥ ድርሽ እንዳይል ስትከለክለው የኖረችው እናቴ ጭንቅላቱን የያዘችው በነጠላዋ ነው።

አሊስ ቪላሎቦስ የሚባሉ አሜሪካዊት የእንስሳት ሐኪም ለእንዲህ ያለ ጊዜ ሰባት መመዘኛ አዘጋጅተዋል፦ ሕመም፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ፣ ከመጥፎው ቀን ደህናው ይበዛል ወይ። እያንዳንዱ ከ10 ይታረማል፣ ደህና በሆነ ቁጥር ነጥቡ ከፍ ይላል፤ ድምሩ ከ35 ካለፈ መቀጠል ያስኬዳል። እኔን ብትጠይቁኝ የመጨረሻዋ ብቻ ትበቃለች። መጥፎውን ቀን የግድግዳው ካሌንደር ላይ በእስክሪብቶ አጥቁሩት። ጅራት ይዋሻል፣ ካሌንደር አይዋሽም።

የጓደኛዬ ቡችላ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ምልክቱ የፓርቮ ነበር፤ ሐኪሙም መርምሮ ያንኑ አለ። ይህ ቫይረስ ውሾች ላይ የታወቀው በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሲሆን ያልተከተበ ቡችላን አንጀቱን ልጦ በቀናት ይገድላል። ካልታከሙ ከ100 እስከ 90 የሚሆኑት ይሞታሉ። በደንብ ከታከሙ ደግሞ ከ100 ከ80 በላይ ይድናሉ። ሕክምናውም ተአምር አይደለም፤ በዋናነት ግሉኮስ፣ ማስታወክ የሚያቆም መርፌ፣ አንቲባዮቲክ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት ያለፈ ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል።

እኛ ግን በተገላቢጦሽ ነን። መዳን የሚችለውን ቡችላ በማዳበሪያ ጠቅልለን ቀለበት መንገድ ዳር እንጥላለን፤ የማይድነውን ሽማግሌ ደግሞ ስለምንወደው እናሰቃየዋለን። ብር የለኝም ማለት ነውር አይደለም፤ ኑሮው የሚታወቅ ነው። ብር ያጣ ሰው ለሐኪሙ በግልጽ ይንገረው፤ ካልሆነም የሚያሳርፈውን መርፌ ይጠይቅ። መጣል ግን ምርጫ አይደለም። ያገኙትን የሰው ማስታገሻ መስጠትም እንዲሁ፤ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

ፍቅር የማይሠራበት አንድ በሽታ አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ጠባዩ ድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ አይነካም፤ ሐኪም ይጠራል። ከነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ጓደኛዬ ቡችላውን ሲገዛ ሻጩ «ተከትቧል» ብሎት ነበር። ካርድ የለም። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመርና እስከ 16 ሳምንት በየሦስት በየአራት ሳምንቱ ይደገማል፤ ካርድ ከሌለ አልተከተበም ብሎ ማሰብ ነው።

በአምስተኛው ቀን ቴክስት ላከልኝ። «ሾርባ ላሰ» ይላል። ለሚስቱ ሳይነግር ለእኔ የጻፈ መሰለኝ፤ ለካ ሾርባውን የሠራችው እሷ ናት። ግቢውን በበረኪና እጠብ፣ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል፣ የጎረቤት ቡችላም ሳይከተብ እንዳይገባ ብዬ መለስኩለት።