ሙሽራዋን ያጠቆረው ላፕቶፕ

አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ብቻውን ወደ ሱቅ አይሄድም፤ «ኮምፒውተር የሚያውቅ» ሰው ይዞ ነው። አዋቂው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ከዓመታት በፊት የሆነ ዘመድ ፕሪንተር አልሠራ ሲል ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰክቶ አድኖታል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማዕረጉን የነጠቀው የለም። መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች ወደ አንዱ ይገባል፣ ላፕቶፑን ገልብጦ ጀርባውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያም ጥያቄዎቹን ይወረውራል። ኮር ስንት ነው? ራሙ ስንት ነው? ዲስኩስ? ሻጩ ቁጥር ይጠራል፣ አዋቂው ራሱን ይነቀንቃል፣ ገዢው ኪሱን ይዳብሳል። ሰው ቀኑን ሙሉ ዐይኑን ስለሚተክልበት ስክሪን የሚጠይቅ ቢገኝ እንኳ ስንት ኢንች እንደሆነ ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ልጅቷን ሳያዩ የአባቷን ላሞች ቆጥረው እንደሚመለሱት ያለ ነገር ነው።

ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ይህ ምንም አይጎዳውም። የአክስቴ ልጅ ግን የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ እናቱ እንኳ የምታገኘው በቀጠሮ ነው። ጠዋት ሙሽራዋ ቤት፣ ከሰዓት ወዳጅነት ፓርክ ወይም እንጦጦ፣ ማታ አዳራሽ፣ በማግሥቱ መልስ። ካሜራው ውድ ነው፤ ሌንሱ ከካሜራው ይብሳል። ያነሣውን ሁሉ የሚያይበት ላፕቶፕ ግን ሲያትል የሚኖር ዘመዳችን፣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሲሰጠው አሮጌውን በርካሽ ገዝቶ፣ 23 ኪሎ በምትፈቀድለት ሻንጣ ውስጥ በካልሲና በቫይታሚን መካከል ጠቅልሎ ያመጣለት ነው። ስጦታ ደግሞ አይመረጥም፤ ይመሰገናል እንጂ።

እንዲህ ያለው የቢሮ ላፕቶፕ የተሠራው ሠንጠረዥ ለመሙላትና ኢሜይል ለማንበብ ነው። ብዙዎቹ ላይ የሚገጠመው ርካሽ ስክሪን በዝርዝሩ ላይ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ተብሎ ይጻፋል፤ ያውም በደቃቃ ፊደል። ኤንቲኤስሲ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 ለባለቀለም ቴሌቪዥን ያወጣችው፣ ስክሪን ምን ያህል ቀለም እንደሚያሳይ የሚለካበት መለኪያ ነው። በዛሬው ሚዛን ሲመነዘር፣ ኤችፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ካቀረቡትና ኢንተርኔቱ ሁሉ ከሚግባባበት ኤስአርጂቢ ከሚባለው የቀለም ክልል፣ ስክሪኑ ሲሶ ያህሉን ማሳየት አይችልም ማለት ነው። የጎደለው ሲሶ ደግሞ ሠርግ የሚደገስበት ሲሶ ሆኖ አረፈው፤ የጥበቡ ቀይ፣ የካባው ወርቅ፣ የሚዜዎቹ አረንጓዴ ቀሚስ። የአክስቴ ልጅ የጥበቡ ቀይ ጡብ መስሎ ሲታየው ቀለም ይጨምራል። አሁንም ጡብ ነው፤ ደግሞ ይጨምራል። ፎቶው ሙሽራው ስልክ ላይ ሲደርስ ካባው በእሳት ተያይዟል፤ ከሁለቱ ሙሽሮች ከንፈሩን የተቀባው ወንዱ ይመስላል።

ይህስ ሳቅ ነው። ቤተሰብ የሚያጣላው ሌላው ነው።

የአክስቴ ልጅ የሚሠራው በመስኮት ሥር፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጣሪያው ከፍ አድርጎ ነው። የሙያው ሰዎች ለኅትመት የሚሠራ ስክሪን ብርሃኑ፣ ኒት በሚሉት የብርሃን መለኪያ፣ 120 አካባቢ ይሁን ይላሉ፤ ወረቀት ከውስጡ አያበራምና። የሲያትሉ ላፕቶፕ ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ ከዚህ እጥፍ ይሰጣል። ስለዚህ ፎቶው እዚያ ላይ እንደ ቀትር ያበራል፤ ልጁም በቂ ነው ብሎ ይተወዋል። አልበሙ ታትሞ ሲመጣ ቀትሩ ቀርቶ ማምሻ ሆኗል። አልበሙን መጀመሪያ የሚገልጡት ደግሞ ሙሽሮቹ አይደሉም፤ የሙሽራዋ አክስቶች ናቸው።

«ልጃችንን አጠቆርካት!»

እዚህ ላይ የሚከፈተው ችሎት ይግባኝ የለውም። አንዷ የቀይ ዳማ ናት ትላለች፣ ሌላዋ ድሮ በልጅነቷ ቀይ ነበረች ትላለች፣ ከሙሽራው ወገን የመጣች አንዲት ሴት ቀስ ብላ «ጠይም አይደለችም እንዴ?» ስትል ቤቱ ጸጥ ይላል። ሳይንሱ ለዚህ ክርክር መለኪያ አለው፤ ዴልታ ኢ ይሉታል። በእውነተኛው ቀለምና ስክሪኑ በሚያሳየው መካከል ያለውን ርቀት በቁጥር ይናገራል፤ ቁጥሩ ከ2 በታች ከሆነ አብዛኛው ዐይን ልዩነቱን አይለይም። ይህን የወሰኑት ሊቃውንት የሙሽራ አክስት ገጥማቸው የምታውቅ አይመስለኝም።

ገንዘቡ ተጠራቅሞ አዲስ ላፕቶፕ ሊገዛ ሲነሣ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ አዋቂውም አልቀረም። የአክስቴ ልጅ በዚህ ጊዜ አንብቧል። ሱቅ እንደገባን «ስክሪኑ ስንት በመቶ ኤስአርጂቢ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሻጩ ለአፍታ አሰበ፤ «መቶ በመቶ ነው ወንድሜ፣ የዱባይ ነው፣ ኦሪጅናል!» አለና እንዳንጠራጠር ቪዲዮ ከፈተልን። በዓለም ላይ ላፕቶፕ የሚሸጥባቸው ሱቆች ሁሉ በአንድ በቀቀን የሚተዳደሩ ይመስለኛል። ክንፉን ይዘረጋል፣ ሰማያዊው ይንቦገቦጋል፣ ቀጥሎ የተቆረጠ እንጆሪ ይመጣል። በቀቀኑ በእውን ምን እንደሚመስል ያየ ስለሌለ፣ ስክሪኑ ዋሸ ብሎ የሚከስ የለም።

ልጁ ከኪሱ ፍላሽ አወጣና የራሱን ፎቶ ከፈተ፤ ነጭ ነጠላ የለበሰች፣ መልኳን አሳምሮ የሚያውቃት ሙሽራ። ክዳኑን ወደ ኋላ ስናዘነብለው ሙሽራዋ ነጣች፤ ወደ ፊት ስንመልሰው ጠቆረች። ቲኤን የሚባለው አሮጌ ዓይነት ስክሪን ጠባዩ ይህ ነው፤ ሰው እንደ አቀማመጡ የተለያየ ሙሽራ ያያል። ሻጩ ምንም አልደነገጠም። «እንግዲህ የሚስማማችሁ ቦታ ላይ ማቆም ነው» አለ። ለአክስቶቹ ችግር ከዚህ የተሻለ መፍትሔ እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ ለሥራ ግን አይሆንም። ሂታቺ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ለገበያ ያቀረበው አይፒኤስ የሚሉት ዓይነት ከጎንም ከላይም ቢታይ ቀለሙን ይዞ ይቆያል፤ ልጁ የፈለገውም እሱን ነው። ችግሩ አንድ የሞዴል ስም ይዘው አጠገብ ለአጠገብ የተደረደሩ ሁለት ላፕቶፖች የተለያየ ስክሪን ሊኖራቸው መቻሉ ነው። ከሆዱ ሥር የተለጠፈውን ረጅም ቁጥር ጽፎ፣ ቤት ገብቶ፣ በመሣሪያ የለኩ ሰዎች ያወጡትን ውጤት ማየት ይጠይቃል። ሻጩ ቁጥሩን ስንጽፍ ሲያይ ከገቢዎች የመጣን መሰለው።

አዋቂያችን እስከዚህ ድረስ ዝም ማለቱ ከብዶት ነበር። ጥግ ላይ ያለውን ወፍራም የጌም ላፕቶፕ አነሣና «ይህ ነው!» አለ። ቁልፍ ሰሌዳው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ እየሆነ ይንቀሳቀሳል። ስክሪኑ ያው የፈረደበት 45 በመቶ ነው። ፋብሪካው ያለውን ቀለም ሁሉ ጣት ሥር ጨርሶት ለዐይን ምንም አላስተረፈም። አዋቂው ግን ራሙ 32 ነው ብሎ ድርቅ አለ። ለፎቶ 16 ይበቃል፤ ቀሪው ብር ወደ ስክሪኑ ይሂድ ብለን ብንለምነው እንደ ሰደብነው ቆጠረው። ማክቡክ ግዙ የሚልም አልጠፋም፤ እውነቱን ለመናገር ምክሩ ክፉ አይደለም፣ ማክቡክ ፕሮ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከኤስአርጂቢ የሚሰፋውን ፒ3 የሚባለውን የቀለም ክልል ያሳያል። ምክሩ የሚቆመው ዋጋው ሲጠራ ነው።

በመጨረሻ ኤስአርጂቢን ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ፣ መልኩ ግን የማያስደንቅ ግራጫ ላፕቶፕ ተገዛ። አዋቂው ቅር ብሎት ቤቱ ገባ። ከሲያትል ደግሞ ማውስ የምታክል፣ ስክሪን ላይ ተንጠልጥላ ቀለም የምትለካ መሣሪያ ታዘዘች፤ ዘመዳችን ሲልካት «ይህ ነገር የደም ግፊት ነው የስኳር?» ብሎ ጠይቋል። መሣሪያዋ ስክሪኑን ለክታ፣ ነጩን የቀን ብርሃን በሚመስለው 6500 ኬልቪን ላይ፣ ብርሃኑንም 120 ላይ አሳረፈችው። ያየ ሁሉ ስክሪኑ ተበላሸ አለ። ቢጫ ነው አሉት፣ ፈዘዘ አሉት፣ አዋቂው ጠፍቶ ከከረመበት ድረስ መጥቶ «አላልኳችሁም?» አለ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ላፕቶፑ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ብርሃኑንና ቀለሙን በገዛ ሥልጣኑ ይነካካል፤ ያንን ማዘዣ ፈልጎ እስኪያጠፋው ድረስ ልጁ መብራት ኃይልን በቀለም ጉዳይም መርገም ጀምሮ ነበር።

አልበሙ ግን ተስተካከለ። ስክሪኑ ላይ የታየው ወረቀቱ ላይ ወጣ፤ ጥበቡ ጥበብ፣ ካባው ካባ፣ ሙሽራዋም ራሷን ሆነች። የመጀመሪያዋ ደንበኛ እናት ስቱዲዮ መጥተው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ብዙ አዩ።

«ይቺ እሷ ናት፤ አልዋሸህም» አሉ። «ግን ልጄ፣ የሠርጓ ቀን እኮ ነው።»

«እትዬ፣ የዕለቱ መልኳ ይህ ነው።»

«ይሁን። እኔ ስልክ ላይ ያለችው ግን ቀላ ትላለች። በቴሌግራም ያየናትን አውጣልን።»

ስልካቸው ሁሉን ነገር የሚያደምቅ ነው፤ ቴሌግራም ደግሞ ፎቶውን ጨምቆ አሳንሶታል፤ የእህታቸው ልጅ በመሃል ማጣሪያ ጨምራበታለች። የአክስቴ ልጅ ስለ ዴልታ ኢ ሊያስረዳ አፉን ከፈተና ዘጋው። አሁን ለእያንዳንዱ ሠርግ ሁለት ፎልደር ያስረክባል። አንደኛው «ለአልበም» ይላል፣ ሁለተኛው «ለእናት»። በዚህ ጥር የአንዱ ሙሽራ ወገኖች ይህን ሰምተው «የእኛ ልጅስ እናት የለውም?» ብለው ሽማግሌ ስለላኩ፣ ሦስተኛው ፎልደር በመሠራት ላይ ነው።