ለድብ የሚሆን ጨርቅ አለ?

አዲስ አበባ ውስጥ ጨርቅ ብቻውን የሚገዛ ሰው የለም። መርካቶ ገብታችሁ አንዱን ጥቅል በጣታችሁ ነካ ካደረጋችሁ ባለሱቁ ብቻ አይደለም የሚናገረው። አጠገባችሁ መጋረጃ የምታማርጠው ሴትዮም፣ ጥቅል ተሸክሞ የሚያልፈው ልጅም አስተያየት አላቸው። ለቀሚስ ከሆነ ይመክሯችኋል። ለመጋረጃ ከሆነ ይከራከሯችኋል። «ለድብ» ካላችሁ ግን ለጊዜው ሁሉም ጸጥ ይላል።

«የምን ድብ?»

አይፈረድባቸውም። አገራችን ድብ የለም። አብዛኞቻችን ድብን የምናውቀው ዳዊት አንበሳና ድብ መግደሉን ለሳኦል ሲነግረው ነው። ያንን አውሬ ጥጥ ሞልቶ ለሕፃን ማስታቀፍ የፈረንጅ ጣጣ ነው። ነገሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ለአደን ወጣ። አጃቢዎቹ አንድ ድብ ይዘው ዛፍ ላይ አሰሩለት። «የታሰረ ላይ አልተኩስም» አለ። ይህ ጋዜጣ ላይ በካርቱን ወጣ። ብሩክሊን ውስጥ ከረሜላ ይሸጡ የነበሩ ባልና ሚስት የጨርቅ ድብ ሰፍተው በፕሬዚዳንቱ የቁልምጫ ስም «ቴዲ» አሉት። ይህን ሁሉ ለባለሱቁ አትተርኩለት። «የልጅ መጫወቻ ነው» ይበቃል።

ይበቃል ስል፣ ለሴት ነው። ወንድ ከሆናችሁ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። «አንተ ነህ የምትሰፋው?» በረንዳ ላይ ሲንጀሩን የሚረግጠው ልብስ ሰፊ ወንድ ነው። ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ የሚሸምነው ወንድ ነው። ድብ ላይ ሲደርስ ነው ወንድነት የሚጠየቀው። ጭንቀቱ የሚቀለው ገንዘብ ሲገባበት ብቻ ነው። «ቢዝነስ ልትጀምር ነው?» አዎ ካላችሁ ሰላም ይወርዳል፤ እንዲያውም ሸሪክ ታገኛላችሁ። «ለእህቴ ልጅ ነው፤ እንዲሁ ደስ ብሎኝ» ካላችሁ ግን «ሥራ ለቀቀ እንዴ?» የሚል ስልክ ለእናታችሁ ይደወላል።

ወደ ጨርቁ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ዓይን አዋጅ ነው። ባለሱቁ መጀመሪያ የሚያወርድላችሁ ያንን ጸጉረ ረጅሙን ነጭ ፈር ነው። በፍቅረኞች ቀን ቀይ ልብ ታቅፎ መንገድ ዳር የሚሰለፈው ግዙፍ ድብ ከእሱ የተሰፋ ይመስላል። ያምራል። ለጀማሪ ግን ከዚህ የባሰ የለም። ትንሽ ድብ ከሰፋችሁበት ጸጉሩ ፊቱን ይውጠዋል፤ ዓይኑን ፍለጋ ትገባላችሁ። ሲሰፋ ጸጉሩ ስፌት ውስጥ ይገባል፤ በመርፌ ጫፍ እየጎተታችሁ ስታወጡት ታመሻላችሁ። በትልቅ መቀስ ከላይ ከቆረጣችሁት ደግሞ ቤቱ ድመት የተላጨበት ይመስላል። ሲቆረጥ በጀርባው ተገልብጦ፣ በትንሽ መቀስ ጫፍ፣ የታችኛው ጨርቅ ብቻ ነው የሚነካው።

እኔ የምለው፣ አጭር ጸጉር ያለውን ፈልጉ። ስታገኙት በመዳፋችሁ ዳብሱት። ወደ አንድ በኩል እሺ ብሎ ይተኛል፤ ወደ ሌላው ይቃወማል። የሚተኛበት አቅጣጫ ከድቡ ራስ ወደ እግሩ መውረድ አለበት። አንዱን ክንድ ወደታች፣ ሌላውን ወደላይ ከቆረጣችሁ ድቡ ቆዳ ከሁለት ሰው የተዋሰ ይሆናል። ቀኝና ግራውን ስትስሉም አንዱን ገልብጡ፤ ያለዚያ ሁለት ቀኝ እግር ይዞ ይወለዳል። ቀጥሎ ጨርቁን እጠፉት። እጥፋቱ ላይ የታችኛው ጨርቅ ራቁቱን ከታየ፣ ጸጉሩ ስስ ነው። በመጨረሻ ወደ ጎን ሳቡት። እንደ ቲሸርት ከተለጠጠ ይቅርባችሁ። ጥጥ ስትጠቀጥቁበት አንገቱ ይጠፋና ሆዱ ብቻ ይቀራል፤ የጫጉላ ጊዜውን የጨረሰ ባል ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።

ከፋይም አታላይ ነው። ሁለቱን ገጽ ገጥማችሁ ስትሰፉት አንደኛው ከሌላው ይሸሻል። ለመለማመጃ አቡጀዲ የሚያህል የለም፤ ርካሽ ነው፣ አይለጠጥም፣ አይንሸራተትም። አሮጌ ፎጣም አይናቅም።

ይህን ሁሉ ዳበሳ ባለሱቁ በትዕግሥት ያይና አንድ ቃል ይናገራል።

«ቱርክ ነው፣ ወንድሜ።»

መርካቶ ውስጥ ቱርክ ያልሆነ ጨርቅ አጋጥሞኝ አያውቅም። የሚገርመው፣ የድብን ነገር በተመለከተ ሰውየው ሳያውቀው ወደ እውነቱ ተጠግቷል። ጀርመን ውስጥ አሻንጉሊት ሰሪው የሽታይፍ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1903 ላይፕዚግ ባዛር ላይ ያቀረበው ድብ የተሰፋው ከሞሄር ነበር። ሞሄር የአንጎራ ፍየል ጸጉር ነው። አንጎራ ማለት ደግሞ የዛሬዋ አንካራ። የፊቴ ጥቅል ግን ፍየል በሩቁም አላየም፤ ጥርት ያለ ፖሊስተር ነው።

ለልጅ ከሆነ ፖሊስተሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ድብ ለሃጭ ይወርድበታል፣ ወጥ ይነካል፣ በኦሞ ይዘፈዘፋል። እኛ ግን ጨርቅ የምንመርጠው ለልጁ ሳይሆን ለቡፌው ነው። ሪሞት በላስቲክ የሚጠቀልል ሕዝብ ድብን ራቁቱን ይተዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስንት ቤት አለ፣ አሻንጉሊቱ ከነላስቲኩ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ልጁ ከውጭ የሚያየው! ለዚህ ነው ሁሉም ነጩን የሚመክራችሁ። እናቴም ነጩን ነው ያለችው። ቡናማው «አፈር ይመስላል»። ዓይኑን በጥቁር ክር ልጠልፈው መሆኔን ስትሰማ ደግሞ አዘነች፤ «ቁልፍ ቢሆን ያበራ ነበር።» ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ቁልፉን ነቅላ ትውጠዋለች ብላት «እናንተ ስታድጉ ያልዋጣችሁት አለ?» አለችኝ።

አንድ ክንድ ለማይሞላ ድብ ግማሽ ሜትር ይበቃል። ይህን ለባለሱቁ ብትነግሩት «ግማሹን ለማን ልሸጠው?» ይላል። አንድ ሜትር ነው የሚቆርጠው። በቃ። ቡናማ አጭር ጸጉር፣ አንድ ሜትር፣ አስተያየት ምርቃት።

ድቡ አሁን እህቴ ቤት ነው፤ ልጅቷ በጆሮው እየጎተተችው ነው። የተረፈውን ጨርቅ እናቴ ቆርጣ የሶፋውን ክንድ አልብሳበታለች። እንግዳ ሲመጣ በመዳፉ ዳበስ ዳበስ ያደርግና «ይሄ ደግሞ የምንድን ነው?» ይላል።

«የቱርክ ነው» ትላለች እናቴ።