«ያው ነው» አትበሉኝ!

ኧረ በናታችሁ! አሜሪካ ሃይስኩል እያለሁ አሜሪካን ፉትቦል እጫወት ነበር። ደሴ ከተመለስኩ ወዲህ ደግሞ ከጥቂት ልጆች ጋር ራግቢ ጀምረናል። ታዲያ ያገኘኝ ሁሉ «ያው እንቁላል ኳስ ይዞ መሮጥ አይደል? አንተማ ምን ይከብድሃል!» ይለኛል። ምኑ ነው ያው?

እዚያ ጨዋታው ጥቂት ሴኮንድ ይሄድና ይቆማል። ተሰብስበህ ትመክራለህ፣ ትንፋሽህን ትሰበስባለህ። በአራት ሙከራ ኳሱን 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ወደ ፊት ከገፋህ እንደገና አራት ይሰጥሃል። ሥራህ ማጥቃት ከሆነ ሌላው ሲከላከል አንተ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ራግቢ ግን 80 ደቂቃ ነው፤ ያጠቃህ ራስህ ትከላከላለህ። ይዘው ቢጥሉህም የሚቆም ነገር የለም። ኳሱን ትለቃለህ፣ ተነስተህ ትሮጣለህ። ያውም ደሴ ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ! ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው የሚመጡት ጓደኞቻችንማ ገና ማሟሟቂያው ላይ ነው ትንፋሽ የሚያጥራቸው።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ሰውነቴ የለመደው ነገር ሁሉ እዚህ ጥፋት መሆኑ ነው። ኳስ ለያዘው ልጅ መንገድ ልጥረግለት ስል፣ ፊሽካ! በእጅ ወደ ፊት ማቀበል፣ ፊሽካ! በትከሻ ብቻ መግጨት፣ ፊሽካ! በክንድህ አቅፈህ ነው መጣል ያለብህ፣ እሱም ከትከሻ በታች። እዚያ ኳስ ይዘህ የተጋጣሚህ ግብ መስመር ላይ ከደረስክ 6 ነጥብ ያንተ ነው። እዚህ ኳሱን መሬት ካላስነካኸው «ትራይ» የሚሏትን 5 ነጥብ አታያትም።

አክስቴ ደግሞ «ያለ ሄልሜት!» እያለች በአላህም በማርያምም ትለምነኛለች። እኔን የሚያስፈራኝ ሄልሜት አለኝ ብሎ በጭንቅላቱ የሚገባው ሰው ነው። ባዶ ራስህን ስትሆን ጭንቅላትህን የት እንደምታደርግ ታስባለህ። ግን ማን ይሰማል?

የሜዳውን ነገርማ አታንሱብኝ። ገና ሰውነታችን ሳይሞቅ የእግር ኳስ ልጆች መጥተው «ጨረሳችሁ?» ይላሉ። የእነሱ ሲሆን ወላሂ አያልቅም! ኳሳችን ቢፈነዳ ፒያሳን ብታስስ ምትክ የለም። የራግቢ ግብም የለንም። አግዳሚው 3 ሜትር ላይ ሆኖ ቋሚዎቹ ከሱ በላይ ወደ ሰማይ መውጣት ነበረባቸው። የእግር ኳሱ ግብ 2.44 ሜትር ላይ ያበቃል። ስለዚህ ከትራይ በኋላ ለ2 ነጥብ የተመታች ኳስ «በመሃል አልፋለች»፣ «አላለፈችም» እያልን እስኪመሽ እንጨቃጨቃለን። የሚፈርደው ዳኛ ደግሞ ወንድሙ የሚጫወተው በተቃራኒ ቡድን ነው!