ጀማሪ በተዘጋጀ ዴክ ይጀምር? በሃርትስቶን ላይ የተደረገ ክርክር

ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ሃርትስቶን፣ ሁለት ተጫዋቾች 30፣ 30 ካርዶች ያሉበትን ዴክ ይዘው በኢንተርኔት የሚጋጠሙበትና የባላጋራውን ጀግና 30 የሕይወት ነጥብ ቀድሞ የጨረሰ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። ሁለት ነባር ተጫዋቾች «ለጀማሪ በመጀመሪያ ሊሰጠው የሚገባው ልምድ ያላቸው ሰዎች ያቀናበሩት ዴክ ነው» በሚለው ሐሳብ ላይ እንደሚከተለው ተከራክረዋል።

ደጋፊ፦ ጀማሪ ጨዋታውን ጥሎ የሚሄደው ለምን እንደተሸነፈ ሳይገባው ደጋግሞ ሲሸነፍ ነው። ዴኩን ራሱ ያሰናዳ እንደሆነ ጥፋቱ የአጨዋወቱ ይሁን የካርዶቹ ሊለይ አይችልም፤ የተፈተነ ዴክ ከያዘ ግን በካርዶቹ ማመካኘት ስለማይችል የገዛ ውሳኔውን ይመረምራል። የቋንቋውም ነገር አለ። ጨዋታው በአማርኛ አልተዘጋጀም፤ በካርዱ ላይ ካለው አጭር ጽሑፍ አንዲት ቃል ያልገባችው ሰው ደግሞ ተራውን በከንቱ ያሳልፋል። ከአብዛኞቹ ካርዶች ሁለት ሁለት መያዝ ስለሚፈቀድ፣ አንድ ዴክ በትንሹ 15 የተለያዩ ጽሑፎች ብቻ ሊኖሩት ይችላል፤ ይህን ያህሉን አንድ ምሽት ተቀምጦ ማስረዳት ይቻላል። ወጪውም ቀላል አይደለም። ሌጀንደሪ የሚባለውን ብርቅ ካርድ ለመሥራት 1600 ደስት (ካርድ የሚሠራበት የጨዋታው ገንዘብ) ይጠየቃል፤ ካርዱ ሲፈርስ የሚመለሰው ግን 400 ብቻ ነውና፣ ለሙከራ እየሠራ የሚያፈርስ ጀማሪ በየጊዜው ሦስት አራተኛውን ይከስራል።

ተቃዋሚ፦ የተከበሩ ተከራካሪ ስለ ደስት ያነሡት ሒሳብ ትክክል ነው፤ ሆኖም ጀማሪ ሌጀንደሪ እየሠራ ያፍርስ ያለ ሰው የለም። ኮር የተባለው የካርዶች ስብስብ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ያለክፍያ ስለሚገኝ፣ በእርሱ ዴክ ማቀናበር ማንንም አያከስርም።

የምንለያየው በሌላ ነጥብ ነው። ሜጅ ከተባለው መደብ የሆነችውን ጀግና ይዞ፣ እንከን የማይወጣለት ዴክ ከኢንተርኔት ቀድቶ የሚጫወት ጀማሪ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ባላጋራው የሕይወት ነጥቧ 1 ብቻ የሆነ ትንሽ ሚኒየን (የሚዋጋ ፍጡር ያለበት ካርድ) ሲያወጣ፣ ልጁ 4 ማና (በየተራው ካርድ ለማውጣት የሚከፈል ነጥብ) ከፍሎ 6 ጉዳት የሚያደርሰውን ፋየርቦል የተባለ ካርድ ወረወረባት፤ የሜጅ የራሷ ኃይል ግን በ2 ማና 1 ጉዳት ስለሚያደርስ ያለ ካርድ ይበቃት ነበር። ጥቂት ተራ ቆይቶ የባላጋራው ጀግና 6 ነጥብ ሲቀረው፣ ልጁ እጅ ላይ ጨዋታውን የሚጨርስ ካርድ አልነበረም። ፋየርቦል በዴኩ ውስጥ ለምን እንደገባ ብጠይቀው «ዝርዝሩ ላይ ስላለ» አለኝ። ካርዱን ከሌሎች አወዳድሮ ራሱ መርጦት ቢሆን ኖሮ፣ ለምን እንደሚፈልገው ገና ከጅምሩ ባሰበበት ነበር። ማናም በመጀመሪያው ተራ 1 ሆኖ በየተራው አንድ አንድ እየጨመረ እስከ 10 እንደሚደርስ በቃል መንገር ቀላል ነው፤ ነገሩ የሚገባው ግን 7 እና 8 ማና የሚጠይቁ ካርዶችን አብዝቶ የመጀመሪያዎቹን ተራዎች ባዶ እጁን ሲያሳልፍ ነው። በዚህ ላይ፣ ስታንዳርድ በሚባለው የውድድር ዓይነት የቆዩ የካርድ ስብስቦች በየዓመቱ ከአገልግሎት ውጪ ስለሚሆኑ፣ የተቀዳው ዴክ ሲያረጅ ተማሪው ሌላ ዝርዝር እስኪሰጡት ይጠብቃል።

ደጋፊ፦ የተከበሩ ተከራካሪ አጠገቡ ተቀምጠው ነበርና፣ እጁ ወደ ፋየርቦሉ ሲሄድ «ቆይ፣ ለምን?» ቢሉት ኖሮ ትምህርቱ እዚያው ያልቅ ነበር። ልጁ ያጣው አስተማሪ ነው። በግዙፍ ካርዶች የተሞላ ዴክ ይዞ በአምስተኛው ተራ የሚሸነፍ ጀማሪም፣ እኔ እንደማየው፣ ስለ ማና ከመማር ይልቅ ዕድሉን ይረግማል።

ተቃዋሚ፦ ዝም ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ በየተራው የሚነገረው ተማሪ ነጋሪው ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለንና። ቢያንስ 26ቱን ካርድ ይስጡትና አራቱን ራሱ ይሙላ፤ እያንዳንዱን ለምን እንዳስገባውም ከመጫወቱ በፊት ይንገርዎ።

ደጋፊ፦ አራቱን እቀበላለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን አይሁን። 26ቱ ምን እንደሚሠሩ ያላወቀ ሰው፣ የጎደሉት አራቱ ምን ሊሆኑ እንደሚገባ ሊያውቅ አይችልም።

ተቃዋሚ፦ በመጀመሪያው ቀን ተሳስቶ ይሙላቸው፤ በሳምንቱ ምክንያቱን አውቆ ይለውጣቸዋል።